ለቤት ውስጥ የርዕደ መሬት መለኪያ፦ የትኛው ሽቦ፣ የትኛው ማግኔት?

ላብራቶሪ_አዳማ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከፈንታሌና ከዶፈን በኩል ሲመላለስ የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። እኛ ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር ከ90 ኪሎ ሜትር የማንበልጥ ሰዎች ስለሆንን ስንት ሌሊት በመስኮት መንኮሻኮሽ ነቅተናል። የካቲት 7 ማታ፣ መጠኑ 6.0 የሆነው ሲመጣ፣ ልጆቼን ይዤ ደጅ ላይ ነው ያመሸሁት። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ከበቡኝና አንዷ «እኛ ራሳችን መለካት አንችልም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሥራውን ጀምሬዋለሁ። በበር ሞላ ላይ ግማሽ ኪሎ ክብደት አንጠልጥዬ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲወዛወዝ አድርጌያለሁ። ሞላው በክብደቱ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲለጠጥ ነው ይህ ልክ የሚመጣው። የቀረኝ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ማለትም በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀሰው የሽቦ ጥምጥም ነው። እጄ ላይ ያሉት፦ ባለ 0.1 ሚሊ ሜትርና ባለ 0.2 ሚሊ ሜትር ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ጥቁር ማግኔት፣ እንዲሁም ከሁለት የተበላሹ ሃርድ ዲስኮች ያወጣኋቸው አራት ማግኔቶች ናቸው። ባለ 0.05 ሚሊ ሜትር ሽቦም አለ ብለውኛል፤ ዋጋው ግን ለክበባችን ይከብዳል።

የትኛውን ሽቦ ልጠምጥም? ስንት ዙር? የትኛውን ማግኔት ልጠቀም? ሽቦ ገዝቼ ካበላሸሁት ሁለተኛ የምገዛበት ገንዘብ ስለሌለኝ ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሬድዮ_ጠጋኝ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55)

እህቴ፣ በርቺ። መልሱ አጭር ነው፦ የምታገኚውን ቀጭኑን ሽቦ ውሰጂ። ሽቦው ሲቀጥን በዚያው ቦታ ላይ ብዙ ዙር ይገባል፤ ዙር ሲበዛ ቮልቴጅ ይበዛል። ስለዚህ 0.05 ለማግኘት ጥቂት ወር ብትጠብቂ እንኳ ያዋጣሻል። 0.2ን ተዪው፤ እሱ ለትራንስፎርመር ነው።

ጠምጣሚው (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20)

ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተርና ትራንስፎርመር ስጠመጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ፊዚክሱ የሚያውቁት ይናገሩ፤ ስለ እጅ ሥራው ግን እኔ ልናገር።

0.05 ሽቦ በእጅ ለሚጠመጥም ጀማሪ ሥቃይ ነው። ከፀጉር ይቀጥናል። ትንሽ ከሳብሽው ይበጠሳል፣ ትንሽ ከላላ ይጠላለፋል፣ አምስት ሺህ ዙር ላይ ተበጥሶ ጫፉን ስትፈልጊ ዐይንሽ ይደክማል። 0.1 ግን በትዕግሥት ይሠራል። ሽቦው የሚጠመጠምበትን መጠቅለያ በእጅ መሰርሰሪያ ላይ እሰሪ፤ የኤሌክትሪኩ ላይ አይሁን፣ በእጅ የሚዞረው ነው ጥሩው። የሽቦውን ጥቅል መሬት ላይ አቁሚውና ሽቦው ከላይ በኩል እየተፈታ ይምጣ፤ ጥቅሉ ራሱ እንዲሽከረከር ካደረግሽው በየመነሻው እየነጠቀ ይበጥሰዋል። ሽቦውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል በለስላሳ ጨርቅ ይዘሽ አሳልፊው። ትክክለኛው ውጥረት ጨርቁ ውስጥ ሲሮጥ ይሰማሻል፤ አንዴ ከለመድሽው አትረሽውም።

ዙሩን መቁጠር ከጠፋብሽ አትደንግጪ። ባዶውን መጠቅለያ በወርቅ ሠሪዎች ሚዛን መዝኚው፣ ስትጨርሺም መዝኚው። ባለ 0.1 የመዳብ ሽቦ አንድ መቶ ሜትሩ 7 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በቴስተር ኦሙን (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን ልክ) ለኪ፤ አንድ ሜትር ወደ 2.2 ኦም ይሰጣል። ሁለቱ ልኬቶች ከተስማሙ ጥምጥሙ ጤነኛ ነው። ኦሙ ከክብደቱ አንፃር ካነሰ ውስጥ ለውስጥ ቫርኒሹ ተልጦ ተገናኝቷል ማለት ነው።

የፊዚክስ_መምህር (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30)

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በእኔ ዘመን በክፍል ውስጥ ባየሁ ኖሮ እላለሁ።

ከሬድዮ ጠጋኙ ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ቦሪስ ጎሊትሲን እ.ኤ.አ. በ1906 በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥምጥም ያለበትን መለኪያ ከሠራ ጀምሮ ስሌቱ አንድ ነው። ጥምጥሙ የሚሰጠው ቮልቴጅ የማግኔቱ ኃይል ሲባዛ በማግኔቱ ውስጥ ባለው የሽቦ ርዝመት፣ ሲባዛ በፍጥነቱ ነው።

የሃርድ ዲስኩን ማግኔቶች እንውሰድ። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርገሽ በመካከላቸው 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብትተዪ 0.3 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይኖራል እንበል። ጥምጥሙ ሞላላ ሆኖ ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ማግኔቱ ውስጥ ይገኙ። አንድ ዙር በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይፈጅ። እንግዲህ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ሦስቱን ሽቦዎች ስንጠመጥም የሚከተለው ይሆናል።

ባለ 0.2፦ 500 ዙር፣ 27 ኦም፣ ጥምጥሙ በሰከንድ አንድ ሜትር ሲንቀሳቀስ 7.5 ቮልት።
ባለ 0.1፦ 2000 ዙር፣ 438 ኦም፣ 30 ቮልት።
ባለ 0.05፦ 8000 ዙር፣ 7000 ኦም፣ 120 ቮልት።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ተመልከቺ። ከ0.1 ወደ 0.05 ስንሄድ ቮልቴጁ 4 እጥፍ ሆነ፤ ኦሙ ግን 16 እጥፍ። ማንኛውም ሽቦ በሙቀቱ ብቻ የራሱን ማጉረምረም ያወጣል፤ ያም ማጉረምረም ከኦሙ ካሬ ሥር ጋር ነው የሚያድገው። የ16 ካሬ ሥር 4 ነው። ቮልቴጁም 4 እጥፍ፣ ማጉረምረሙም 4 እጥፍ! ጥምጥሙ በራሱ ምንም አላተረፈም፣ ምንም አልከሰረም። መሬቱን የሚሰማው የመዳቡ ብዛትና የማግኔቱ ኃይል ነው፤ የሽቦው ውፍረት የሚወስነው ያንን መረጃ ለማጉያው (ለአምፕሊፋየሩ) በምን ዓይነት ቮልቴጅና ኦም እንደምናቀብለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሽቦውን የሚመርጠው ማጉያሽ ነው። ኦፒ27 የሚባለውን ማጉያ ብትጠቀሚ የራሱ ማጉረምረም በ10 ሄርትዝ 3.5 ናኖቮልት አካባቢ ነው፤ በተጨማሪም ወደ ጥምጥሙ የሚልከው ትንሽ የከረንት ማጉረምረም አለው፣ ይህም ኦሙ ሲበዛ ይጎላል። ሁሉንም ደምሬ በመሬት ፍጥነት ስቀይረው (በአንድ ሄርትዝ ስፋት) ባለ 0.2 ሽቦ 0.47 ናኖሜትር በሰከንድ፣ ባለ 0.1 ሽቦ 0.15፣ ባለ 0.05 ሽቦ 0.14 ይሆናል። ባለ 0.2 በማጉያው ተሸነፈ፤ ከ0.1 ወደ 0.05 መሄድ ግን ያተረፈልን ከቁጥር የማይገባ ነው። በዓለም እጅግ ጸጥ ባሉ ጣቢያዎች እንኳ መሬቱ ራሱ በ1 ሄርትዝ ወደ 0.8 ናኖሜትር በሰከንድ ያጉረመርማል። አዳማ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት።

ባለ 0.1 ሽቦሽን ጠምጥሚ። ገንዘብሽን አትጨምሪ።

ጀማሪ_ተማሪ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05)

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሞላላ ጥምጥም ለምን ሆነ? ክብ ቢሆን አይሻልም?

የፊዚክስ_መምህር (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40)

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሃርድ ዲስክ ማግኔት አንድ ፊቱ ላይ ሁለት ዋልታ አለው፤ ግማሹ ሰሜን፣ ግማሹ ደቡብ ነው። አንድ ምስማር በላዩ ላይ በዝግታ ብትጎትት መካከል ላይ ኃይሉ ሲቀየር በእጅህ ይሰማሃል። የጥምጥሙ አንዱ ጎን በሰሜኑ፣ ሌላው ጎን በደቡቡ ላይ ሲሆን ነው ሁለቱ ቮልቴጆች የሚደመሩት። ሁለቱም ጎኖች በአንድ ዋልታ ላይ ካረፉ ይጠፋፋሉ፤ ሁለት ሺህ ዙር ጠምጥመህ ዜሮ ታነባለህ። ክብ ጥምጥም የሚስማማው ለስፒከር ማግኔት ነው፤ እዚያ ማግኔቱ ከመካከል ወደ ዙሪያው ይረጫልና።

ላብራቶሪ_አዳማ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሌቱን ከተማሪዎቹ ጋር በሰሌዳ ላይ ደግመን ሠራነው። አንድ ያልገባኝ፦ የስፒከሩ ማግኔት ከሃርድ ዲስኩ ይልቅ በጣም ትልቅ ነው፣ ክብደቱም ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። እሱን ለምን አልጠቀምም?

ጠምጣሚው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:30)

ትልቅነት አያታልልሽ። ጥቁሩ የስፒከር ማግኔት ፌራይት ይባላል፤ የሃርድ ዲስኩ ኒዮዲሚየም ነው። ኒዮዲሚየሙ በውስጡ የሚይዘው ማግኔት የፌራይቱን ሦስት እጥፍ ያህላል። ስፒከሩ ጠባብ ክፍተት ስላለው እዚያ ውስጥ ብርቱ ነው፤ ግን ክፍተቱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ሞላ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ትንሽ ወደ ጎን ባለ ቁጥር ጥምጥሙ ግድግዳውን ይነካል። ከነካ ደግሞ መለኪያ አይደለም፤ የሚፋተግ ነገር ነው።

የሃርድ ዲስኮቹን ማግኔቶች ከብረት ሰሌዳቸው አላቀቅሻቸው ወይስ እንዳሉ ናቸው? ይህን ቶሎ ንገሪኝ።

ላብራቶሪ_አዳማ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:00)

ጋሼ፣ ሁለቱን አላቀቅኳቸው፤ ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። ማጣበቂያው እምቢ ሲለኝ አንዱን በከሰል ምድጃ ላይ አሞቅኩት። ጥፋት ነው?

ጠምጣሚው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:20)

አዎ እህቴ፣ የሞቀው ሳይጎዳ አይቀርም። ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ማጣት ይጀምራል፣ ሲቀዘቅዝም አይመለስም። ምስማር ሰቅለሽ ካልሞቀው ጋር አወዳድሪው፤ ስንት ምስማር እንደሚያነሣ ብቻ ይበቃል።

ሁለቱን ያላላቀቅሻቸውን እንዳሉ ተያቸው! ብረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ የማግኔቱ ግማሽ ሥራ ነው። ከኋላ የሚያመልጠውን ማግኔት ሰብስቦ ወደ ፊት የሚመልሰው እሱ ነው። ከብረቱ የወጣ ማግኔት ፊቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በየአቅጣጫው ይበትናል፣ ክፍተቱ ውስጥ ያለው ኃይል ይወርዳል። የላቀቅሻቸውንም በወፍራም ብረት ላይ መልሰሽ አስቀምጫቸው። ሌላ ደግሞ፦ ስታላቅቂ የኒኬል ሽፋኑ ጠርዝ ላይ ተሰንጥቆ ይሆናል። የተሰነጠቀውን በጥፍር ቀለም ሸፍኚው፤ ካልሆነ ከውስጥ ዝጎ በወራት ውስጥ ዱቄት ይሆናል። እኔ ምናለሽ ተራ ከገዛኋቸው ውስጥ ሁለቱ እንዲህ ሆነውብኛል።

ሬድዮ_ጠጋኝ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10)

የመምህሩን ስሌት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ትክክል ነው። በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ያ ሁሉ የሚሠራው ማጉያው ጥሩ ሲሆን ነው። እህታችን ኦፒ27 ካላገኘችና በየሱቁ ያለውን ኤልኤም358 ብትጠቀም፣ የእሱ ማጉረምረም ከ40 ናኖቮልት በላይ ነው። ያን ጊዜ ባለ 0.1 ሽቦ ይሰምጣል፤ ባለ 0.05 ሽቦ በአራት እጥፍ ቮልቴጁ ይሻላል። ወይም ያለ ማጉያ ኤዲኤስ1115 በሚባለው፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር በሚቀይረው መቀየሪያ በቀጥታ ብታነብ፣ የእሱ ትንሹ ደረጃ 7.8 ማይክሮቮልት ነው። መሬቱ በሰከንድ አንድ ማይክሮሜትር ቢንቀሳቀስ ባለ 0.1 ጥምጥም 30 ማይክሮቮልት ነው የሚሰጠው፤ አራት ደረጃ ብቻ። ቀጭን ሽቦ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

የፊዚክስ_መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45)

ይህ ፍጹም ትክክል ነው፤ ወንድሜ ያጎደልኩትን ሞላህልኝ። ለልጃችን ግን የሁለቱን ወጪ እናነጻጽር። አንድ ጥሩ ማጉያ ከአንድ ጥቅል ባለ 0.05 ሽቦ ይረክሳል፤ ቢበላሽም ይቀየራል።

ሜሪላንድ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:30)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 ቨርጂኒያ ላይ መጠኑ 5.8 የሆነው መንቀጥቀጥ ቢሮዬን ካወዛወዘው በኋላ ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ የሌማን አግድም ፔንዱለም ሠራሁ። ከአጥር በር ጋር ይመሳሰላል፦ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክብደት፣ አንድ ጊዜ ለመወዛወዝ 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። የካቲት 2023 (እ.ኤ.አ.) በቱርክ መጠኑ 7.8 የሆነው ሲመጣ ዘንጉ ከአንድ ሰዓት በላይ አላረፈም።

ለእህታችን የምለው ግን የእኔን አትቅጂ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ 20 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ዘገምተኛ ነው፤ ከፈንታሌ አዳማ የሚደርሰው በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚመታ ፈጣን ነው። የአንቺ ባለ አንድ ሰከንድ ሞላ ለእሱ ተስማሚ ነው።

ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማግኔቱን ዘንጉ ላይ፣ ጥምጥሙን መሬት ላይ አደረግኩ፤ ተንቀሳቃሽ ሽቦ እንዳይኖር ብዬ። ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ መኪና በገባ ቁጥር ዘንጉ ቦታውን ይቀይር ነበር፤ ማግኔቱ ብረቱን ያየዋል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ጥምጥሜ ከአሮጌ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ከሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የወጣ ነበርና መካከሉ ላይ ብረት ነበረው። ማግኔቱ ያን ብረት ስለሚስብ ፔንዱለሙ በመካከል ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ብረቱን ካወጣሁት በኋላ ነው የሠራው። ብሎኖቹም የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ይሁኑ። አንድ የብረት ሮንዴላ ክብደቱ ላይ ረስቼ ሦስት ሳምንት ፈልጌዋለሁ።

የፊዚክስ_መምህር (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20)

ማግኔቱ ቆሞ ጥምጥሙ ይንቀሳቀስ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን በቀትር ከላይ በከባቢ አየር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የመሬትን ማግኔት በየቀኑ ጎላ አድርጎ ይቀይረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ይህን ማጥናት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ለሞላ መለኪያ ኢምንት ነው፤ ለ15 ሰከንድ ፔንዱለም ግን ማግኔት ዘንጉ ላይ ባይኖር ይመረጣል።

አሁን ግን ያልተነሣውን ትልቁን ጉዳይ ላንሣ፤ ሌሊት ስሌቱን ስሠራ ነው የታየኝ። መለኪያው አንዴ ከተነካ በኋላ ሲወዛወዝ መክረም የለበትም፤ ቶሎ መርጋት አለበት። ካልረጋ ቀድሞ የሚደርሰው ፒ ሞገድ ያስጀመረው ውዝዋዜ ተከትሎ የሚመጣውን ኤስ ሞገድ ይሸፍነዋል። ከፈንታሌ እስከ አዳማ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 11 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ርቀቱን የምታሰሉት ከእሱ ነው። እሱ ከጠፋ ትምህርቱ ራሱ ጠፋ።

ጥምጥሙ ራሱ ማርገብ ይችላል፤ ጫፎቹን በሬዚስተር ስታገናኚው ማግኔቱ መልሶ ይይዘዋል። የሚፈለገው የማርገብ ልክ 0.7 ነው። ለግማሽ ኪሎና ለአንድ ሄርትዝ፣ በ30 ቮልት ጥምጥም፣ ቀመሩ 143 ሲካፈል ለጠቅላላው ኦም ይሰጠኛል። ጥምጥሙ ብቻውን 438 ኦም ስለሆነ ጫፎቹን በቀጥታ ብታገናኚው እንኳ ከ0.33 አያልፍም። ባለ 0.05 ሽቦም አያድንሽም፤ ቮልቴጁ በካሬ ሲያድግ ኦሙም አብሮት ያድጋልና መልሱ ያው 0.33 ነው።

አንዱ ሄርትዝ ሳይለወጥ ክብደቱን ወደ 200 ግራም ብትቀንሺው 0.7 ይገኛል፤ ሬዚስተሩ ግን 73 ኦም ብቻ መሆን ስላለበት ከሚመነጨው ቮልቴጅ 14 በመቶው ብቻ ወደ ማጉያው ይደርሳል። ይህ ብክነት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች እንለያቸው። ከብረታቸው ያልተላቀቁት ሁለቱ ማግኔቶች ለጥምጥሙ ይሁኑ። ሁለቱን የላቀቅሻቸውን በብረት ላይ መልሰሽ ፊት ለፊት አድርጊና በመካከላቸው ከክብደቱ ጋር የሚንቀሳቀስ የመዳብ ሳህን አስገቢ። መዳቡ በማግኔት ውስጥ ሲያልፍ በውስጡ ኤሌክትሪክ እየተሽከረከረ ይጎትተዋል፤ ያለ ዘይት፣ ያለ ፍትጊያ ይረጋል። የሞቀው ማግኔት እዚህ ያገለግላል፤ ቢደክምም ሳህኑን ጠለቅ አድርገሽ ታካክሺዋለሽ።

ጠምጣሚው (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:50)

የመዳብ ሳህን ካስፈለገ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ መዳብ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ተመራጭ ነው። አሉሚኒየምም ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳቡ 60 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ወፈር ያለ ይሁን። የጥምጥሙ መጠቅለያ ግን ፕላስቲክ ይሁን እንጂ አሉሚኒየም አይሁን፤ ካልሆነ ሳታውቂው እሱም ያረግባል።

ላብራቶሪ_አዳማ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:00)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የሞቀው ማግኔት ሰባት ምስማር አነሣ፤ ያልሞቀው አሥራ ዘጠኝ። ጋሼ ያሉኝ እውነት ነበር። የተሰነጠቀውን ጠርዝ ተማሪዎቹ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀቡት። ጥምጥሙን ሁለት ቀን ፈጀንበት። በመጀመሪያው ቀን 600 ዙር ላይ ተበጠሰ፤ ከጥቅሉ ላይ ሽቦውን በጎን በኩል ስንስብ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጥቅሉን አቁመን ከላይ ስንስበው አንድም ጊዜ አልተበጠሰም። አንዷ ተማሪ መሰርሰሪያውን ታዞራለች፣ ሌላዋ በየመቶው ዙር በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። 2050 ዙር ደረስን። ሚዛኑ 14.6 ግራም አለ፤ ቴስተሩ 455 ኦም። በስሌቱ 208 ሜትር ሆነ፣ በሁለቱም መንገድ ተስማማ። ቁጥሮቹ ሲገጥሙ ልጆቹ አጨበጨቡ።

የመዳቡን ሳህን ቀስ በቀስ ወደ ማግኔቱ ስናስገባ ውዝዋዜው ዐይናችን እያየ አጠረ። ክብደቱን በክር ትንሽ ወደ ታች ስበን ክሩን ስናቃጥለው አንድ ጊዜ ተመልሶ፣ መካከሉን ጥቂት አልፎ ቆመ። ያለፈበትን በማስመሪያ ለካነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ስበን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ያለፈው።

የፊዚክስ_መምህር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:35)

ከሃያው አንድ ማለት 5 በመቶ ነው። ማርገቡ 0.7 ሲሆን የሚጠበቀው 4.6 ነውና ልክ ላይ ናችሁ፤ ከእንግዲህ ሳህኑን አትንኩት፣ ያለበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። በአምስት ዓመት ትምህርት ሊሠራ ያቃተኝን ሙከራ ነው የሠራችሁት።

ሜሪላንድ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 6:10)

እጅግ ደስ ይላል! ከጥምጥሙ ወደ ማጉያው የሚሄደውን ሽቦ ሁለቱን ገመዶች እርስ በርስ ጠምዝዤ፣ በማይክሮፎን ገመድ ውስጥ አድርጌ ነው የኔን ያስተካከልኩት፤ ካልሆነ የግድግዳው መብራት (እዚህ 60፣ እናንተ ዘንድ 50 ሄርትዝ) ሁሉንም ይሸፍናል። ከክብደቱ ወደ ቋሚው አካል የሚሻገረው ደግሞ ከዚያው ከ0.1 ሽቦ የተረፈው ይሁን፣ በላላ ቀለበት አድርጋችሁት። ወፍራም ገመድ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይቆጠራል።

ጀማሪ_ተማሪ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:00)

እህት፣ ጥምጥሙ ሁለት ጫፍ አለው። የትኛው ነው ወደ ማጉያው መደመሪያ (+) የሚገባው? በማንኛውም በኩል ይሠራል ወይስ ልዩነት አለው?

ላብራቶሪ_አዳማ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 5:25)

ይሠራል፤ ግን ልዩነት አለው። መሬቱ ወደ ላይ ሲነሣ መስመሩም ወደ ላይ እንዲሄድ ነው የምንፈልገው። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለው መሬቱ በየት በኩል እንደገፋ ይናገራልና። መሬቱ ወደ ላይ ሲነሣ ክብደቱ በቦታው ስለሚቀር ከማግኔቶቹ አንጻር ወደ ታች የወረደ ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ክብደቱን በላባ ቀስ አድርገን ወደ ታች ገፋነው። መስመሩ ወደ ታች ወረደ። ሁለቱን ጫፎች አቀያይረን ደገምነው፤ አሁን ወደ ላይ ይወጣል። በመደመሪያው ጫፍ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርገንበታል።